ብቅ ጥልቅ

ሰኞ 3

ዝናቡ ዛሬ ጀመረ፤ ወይዘሮ ዛሬውኑም ጀመሩ። አለቃችን ናቸው። ሥራ ሲያዙ «ዛሬውኑ» ሳይሉ ስለማይጨርሱ ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ያውቁታል መሰለኝ፤ ግን ተቆጥተው አያውቁም።

ጠዋት ሰብስበውን ከሆስፒታሉ የመጣውን ስሞታ ነገሩን። ለሆስፒታሉ በሠራነው የቀጠሮ ፕሮግራም ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ወይም ሲሰርዝ፣ ከገጹ በታች ቀኝ ጥግ ላይ ትንሽ መልእክት ብቅ ትላለች። «ቀጠሮዎ ተሰርዟል» ትልና ጎኗ ላይ «መልስ» የሚል፣ የተሰረዘውን የሚመልስ ቁልፍ ታሳያለች። አምስት ሰከንድ ቆይታ ትጠፋለች። ቢሮ ውስጥ ስሟ «ብቅ ጥልቅ» ነው። እንግዲህ ሳያስበው ስረዛውን የነካ ሰው እሷን ካላያት ቀጠሮው መሰረዙን አያውቅም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ቁልፉ ላይ ሳይደርስ ትሄድበታለች። ማየት ለተሳነው ደግሞ ከነጭራሹ የለችም። ሰዎች በዝናብ ከሩቅ መጥተው «ስምዎ የለም» እየተባሉ ይመለሳሉ። ሆስፒታሉ ዝናቡ ሳያባራ ካልተስተካከለ ወደ ወረቀት ተራ እንመለሳለን ብሏል።

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ብቅ ጥልቅን የሠራኋት እኔ ነኝ።

«ለሁሉም ሰው ትሁን» አሉ ወይዘሮ ዛሬውኑ። «ለሚያየውም ለማያየውም፣ ለቀልጣፋውም ለዘገምተኛውም።»

የሁለት ቀን ሥራ ናት አልኩ። አፌ መቼም አርፎ አያውቅም።

ማክሰኞ 4

ቸኩያለሁ። አንዲት ነገር ብቻ።

ለሙከራ ቀጠሮ ሰረዝኩ፤ መልእክቷ አልመጣችም። ደገምኩ፤ የለችም። ሞካሪዋን ጠራኋት። ሥራችንን እየነካካች ስህተት የምታወጣብን ልጅ ናት፤ ለእኔ ያላት አክብሮት «ጋሼ» ብላ ይጀምርና እዚያው ያልቃል።

«ይኸው እኮ ጋሼ!» አለች በጣቷ እያሳየች። ዞር ስል የለችም።

«አምስት ሰከንድ አልሞላም» አልኳት።

«ሞልቷል። አንተ ነህ የዘገየኸው።»

ሐሙስ 6

ብቅ ጥልቅ ስፈልጋት አለች፣ ሳልፈልጋት የለችም። ጥጉ ላይ አፍጥጬ ቁልፉን ስጫን ትመጣለች። እንደማንኛውም ሰው መሃሉን እያየሁ ስሠራ ግን አትመጣም። ይህን ያህል ዘመን ስሠራ እንዲህ ያለ ስህተት አላጋጠመኝም። ፕሮግራም ሰው የት እንደሚያይ በምን ያውቃል? ኮዱን መስመር በመስመር አየሁት፤ ምንም የለበትም። ምንም አለመኖሩ ነው የሚያናድደኝ።

ማታ ስገባ መተላለፊያው ላይ በርጩማ አስቀምጠው ጉልበቴን አጋጨሁት። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ በርጩማው እኮ ሁልጊዜ እዚያ ነው» አለች። ሁልጊዜ እዚያ ከሆነ ዛሬ ለምን መታኝ?

አባባ ከክፍላቸው ሆነው «ደግሞ?» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ቅዳሜ 8

አባባን ሥራ አስያዝኳቸው። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ዓይናቸው ከጎንና ከጎን ቀስ እያለ ጠቦ ጠቦ፣ እኔ ትምህርት ልጨርስ ስል ጨርሶ ጨለመ። አሁን ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ስልካቸው ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብላቸው ፕሮግራም አለ፤ ድምፁ የሴት ስለሆነ «ጸሐፊዬ» ይሏታል። ሹፌር ሆኜ ያላገኘሁትን ጸሐፊ ዕውር ሆኜ አገኘሁ እያሉ ይቀልዳሉ።

የሙከራውን ፕሮግራም ጫንኩላቸውና «ቀጠሮ ይያዙና መልሰው ይሰርዙት» አልኳቸው። ያዙ፤ ጸሐፊያቸው ዝም። ሰረዙ፤ አሁንም ዝም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ።

«ተሰረዘ?»

«ተሰርዟል አባባ።»

«በምን ላውቅ?»

እኔም መልእክቷ ስትመጣ አላየሁም፤ መምጣቷን የማውቀው የሠራኋት እኔ ስለሆንኩ ብቻ ነው። ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም። የስልኩ ስክሪን ትንሽ ነው፤ ለዚያ ይሆናል። አፈርኩ። አባቴ ማየት እንደማይችሉ እያወቅኩ፣ ከእሳቸው ጋር አንድ ቤት እያደርኩ ነው ለሚያዩ ሰዎች ብቻ የምትሆን ነገር የሠራሁት።

ረቡዕ 12

አናገርኳት! መልእክቷ ብቅ ስትል ለድምፅ አንባቢው «ይህን አንብብ» የሚል ምልክት ትሰጣለች። ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው። ታጋሹ፣ አንባቢው የጀመረውን እስኪጨርስ ይጠብቃል። አስቸኳዩ፣ አንባቢውን አፉን አስዘግቶ ይገባል። ሁሉንም አስቸኳይ አደረግኳቸው። ማንም አልሰማሁም የሚልበት ሰበብ እንዳይኖረው።

ሞካሪዋ «ሁሉንም?» አለች። ሁሉንም አልኳት።

እሑድ 16

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ማለት ይህ ነው።

አባባ ስልካቸውን ከፍተው ቀጠሯቸውን ማስነበብ ጀመሩ። እያንዳንዱ ምርጫቸው ሲቀመጥ መልእክት ስለሚወጣ ጸሐፊያቸው አበደች። «ቀጠሮዎ ማክሰኞ ጠዋት፣ ተቀምጧል! ሦስተኛ ፎ፣ ተቀምጧል! ዶክ፣ ተቀምጧል!»

«ይቺን ሴት ምን አበላሃት?» አሉ። «እናትህ ነፍሷን ይማርና ወሬ ታቋርጠኝ ነበር። እንዲህ ግን አላደረገችኝም።»

ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን አባባ እውነቱን ነገሩኝ። «የዶክተሩን ስም አልሰማሁም» አሉ። «ስትጮህብኝ ዋናው ነገር አመለጠኝ።» ስለዚህ አስቸኳይ የሚሆነው ሲሰረዝና ስህተት ሲፈጠር ብቻ ነው። ሌላው ተራውን ይጠብቅ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ፤ ነገ ከሥሩ እጀምራለሁ።

ማክሰኞ 18

የመኪናዬ በር ተላጠ። ሞተር ብስክሌት ከጎኔ መጣ። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከሰማይ የወረደ ነው የሚመስለው። ሰውየው አልተጎዳም። «ዓይንህን ምን ጋረደው?» ብሎ ሰደበኝ። እኔም ሰደብኩት።

ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «አላየኸውም?»

«ዝናብ ነበር።»

ዝናብ አልነበረም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። «ከነገ ጀምሮ ትንሿን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ» አለች፤ እሷም እዚያው ስለምታስተምር መንገዷ ነው። ልክ ናት። ግን ለምን ከፋኝ?

ሐሙስ 20

ደረስኩበት። ሠዓሊው ነው። ቀለሙንና ቦታውን የሚመርጠውን ልጅ ማለቴ ነው። ብቅ ጥልቅን ሳይነግረኝ ወደ ታች ገፍቶ ቀለሟን አደብዝዟታል። ረጅም መልእክት ጻፍኩለት። «ሰው በጀርባዬ ሥራዬን ሲነካካ አልወድም» ብዬ ለወይዘሮ ዛሬውኑም ግልባጭ ላክሁ።

ከሰዓት በኋላ። ሠዓሊው አልነካም። የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርጎ ላከልኝ፤ አንድ ናቸው። «ምናልባት ደክሞህ ይሆናል» ብሎ ጨመረ። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። አንድ ከሆኑ ታዲያ ድሮ የማያትን አሁን ለምን አላያትም? ዞረብኝ።

ዓርብ 21

ሞካሪዋ ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ጨዋታ እንጫወት» አለች። «ገጹ መሃል ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ እይ። ዓይንህን አታንቀሳቅስ። መልእክቷ ስትመጣ መጣች በለኝ።»

ጠበቅኩ። ቁልፉን ስትጫን ይሰማኛል። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

«ለምን አትልኪያትም?» አልኳት።

ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። «ማሽንህ ይሆናል» አለችና ወንበሯን መልሳ ሄደች።

ከሰዓት ወደ መጸዳጃ ቤት ስሄድ ከመታጠፊያው ወዲያ ድምፅዋን ሰማሁ። «ማን ይንገረው?» ትላለች። ወይዘሮ ዛሬውኑ «ዛሬ አይሆንም» አሉ። እኚህ ሴት «ዛሬ አይሆንም» ሲሉ የሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!

ሊያባርሩኝ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? የሁለት ቀን ሥራ ያልኩት ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ግን ሰምቶ እንኳ አልገባውም።

እሑድ 23

ቤት ዋልኩ፤ አባባ የአውቶቡስ ወሬያቸውን አነሱ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ይመስለኝ ነበር፤ የዛሬውን ግን ሰምቼው አላውቅም።

«የቀኝ መስታወቴን ሜካኒኩ እየነካካ ያዛባብኝ ነበር» አሉ። «ጠዋት ጠዋት አስተካክላለሁ፤ ከሰዓት ተመልሶ ተዛብቶ አገኘዋለሁ። ሰውየውን በተሳፋሪ ፊት ያልሰደብኩት ስድብ የለም። እሱ አንገቱን ደፍቶ ‹እሺ ጋሼ› እያለ ያስተካክላል። አንድ ቀን ተራ አስከባሪውን ከግንብ ጋር ላጣብቀው ስል ለጥቂት ተረፈ። ያን ዕለት ቁልፉን አስረክቤ በእግሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።»

«ሜካኒኩስ?» አልኳቸው።

«እሱማ መስታወቱን ነክቶት አያውቅም።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አደረጉ። የሚያዩኝ መሰለኝ። ለምን እንደነገሩኝ አልገባኝም። ሽማግሌ መቼም የኋላውን ማንሳት ይወዳል። ሻይ ላምጣልዎት ብዬ ስነሳ ብርጭቆው በክርኔ ተመትቶ ወደቀ።

«የቀኙ ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«ብርጭቆው። በቀኝህ በኩል ነበር?»

አዎ አልኳቸው። ጠርጌ አነሳሁት። ራት አልበላሁም።

ሰኞ 24

ዓይኔ ጤነኛ ነው። ይህን የምጽፈው ማንም ስለጠየቀኝ አይደለም። ከቢሮው መስኮት ማዶ ያለውን ማስታወቂያ እስከ ስልክ ቁጥሩ አነበብኩት። የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለውንም ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ። የአባባ ዓይን ሌላ ነገር ነው። እሳቸው ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ነበሩ።

ስንት ዓመታቸው ነበር? ላስላ አልኩና ተውኩት።

ረቡዕ 26

ሙሉ ቀን ሠራሁ፤ አምሮልኛል። ብቅ ጥልቅ ከእንግዲህ ጥልቅ አትልም። ሰውየው ራሱ እስኪዘጋት ትቆያለች። ከጥጉ አውጥቼ ሰው የነካው ቁልፍ አጠገብ፣ ዓይኑ ያለበት ቦታ አደረግኳት። በመዳፊት ብቻ ሳይሆን በቁልፍ ሰሌዳም «መልስ» የሚለው ጋ ይደረሳል። የሚጽፈውን ሰው ግን ከመሃል ጎትታ አትወስደውም። ያመለጠው ሰው ተመልሶ የሚያይበት «የቅርብ መልእክቶች» የሚል ገጽ አለ። ቀጠሮው መሰረዙን በቀለም ብቻ ሳይሆን በቃልም በምልክትም ትናገራለች።

ሠዓሊው ገጹን አበላሸህብኝ ብሎ ተከራከረ። «መሃል ላይ የተገተረች መልእክት ታስጠላለች» አለ። እኔም ተቆጣሁ። «ሰው አንተ የመረጥክለትን ጥግ ሁልጊዜ አያይም!» አልኩት። «ላያየው ይችላል! ጥፋቱ የእሱ አይደለም! ደደብ ስለሆነ አይደለም፣ ስለዘገየ አይደለም፣ ዝም ብሎ አይታየውም!»

ይህን ያህል መጮህ አልነበረብኝም። ስለ ታካሚዎቹ ነው የተናገርኩት።

ሰኞ 1

ሆስፒታሉ ተቀበለው። የቀጠሮ ክፍሉ ኃላፊ በድምፅ አንባቢ ራሷ ሞክራ አጨበጨበች። ወይዘሮ ዛሬውኑ እጄን ጨበጡኝና ቶሎ አልለቀቁትም።

«ጥሩ ሠርተሃል» አሉ። «አሁን ደግሞ የራስህን ጉዳይ ዛሬውኑ…»

«የምን ጉዳይ?»

ሞካሪዋን አዩ። እሷ ወለሉን አየች። «ዕረፍት» አሉ መልሰው። «ዕረፍት ውሰድ።»

ታዲያ አላባረሩኝም። ሥራውንም ወደዱት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግራ ነው የገባኝ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ለእኔ ብቻ ያልተላከ ወሬ ያለ ይመስለኛል።

ማክሰኞ 2

አባባ ሐሙስ ሆስፒታሉ ዓይን ክሊኒክ ውሰደኝ አሉ።

«ለምን? ምን አሞዎት?»

«ቀጠሮ ይዣለሁ። ባንተው ፕሮግራም፣ ብቻዬን፣ ማንም ሳይረዳኝ። ጸሐፊዬ ‹ተይዟል› ብላ በትህትና ነግራኛለች። ሳታቋርጠኝ።»

እንዴት ኮራሁ! ግን ደግሞ ለጨለመ ዓይን ምን ምርመራ ያስፈልጋል? ባለቤቴን ጠየቅኳት። «ውሰዳቸው በቃ» አለች። እኔን ሳታይ ነው የመለሰችልኝ። መኪናውን እሷ ትነዳለች፤ ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች። ለአባባ ቀጠሮ የትምህርት ቤት ፈቃድ?

ሐሙስ 4

አልቸኩልም። እንደሆነው ልጻፈው።

የመጠበቂያው ክፍል ሞልቶ ነበር። አባባ በመሃላችን ተቀምጠው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ነርሷ በሩን ከፍታ ስም ጠራች። የእኔን ስም ነው የጠራችው።

«ስህተት አለ» አልኳት። «ታካሚው አባቴ ናቸው።»

«ስህተት የለም» አሉ አባባ። «ጸሐፊዬን ስሙን ሁለት ጊዜ አስነብቤያታለሁ።»

ባለቤቴን አየኋት፤ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ተናደድኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ አባቴን «እንዴት ያታልሉኛል?» አልኳቸው። አንቱ እያልኩም መጮህ ይቻላል።

«ሦስት ወር ሙሉ ስትጋጭ ሰማሁህ» አሉ ቀስ ብለው። «የበሩን ጠርዝ፣ በርጩማውን፣ ብርጭቆውን። ሁሌም በጎን። እኔ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ ልጄ። ራሴ ስጋጭ የሰማሁት ነው። ብነግርህ አትመጣም ነበር። እኔም ሲነግሩኝ በጊዜው አልመጣሁም።»

ነርሷ በሩን ይዛ ትጠብቃለች። ገባሁ።

ክፍሉ ጨለማ ነው። መርማሪው ወጣት ሰው፣ ድምፁ የረጋ። አገጬን አንድ ትልቅ ነጭ ሳህን የመሰለ ነገር ፊት አስደግፎ አንድ ዓይኔን ሸፈነው፤ እጄ ላይ የሚጫኑት ቁልፍ ሰጠኝ።

«መሃል ያለችውን ነጥብ ብቻ ይዩ» አለ። «ትናንሽ ብርሃኖች በዙሪያዋ ብልጭ እያሉ ይጠፋሉ። ባዩ ቁጥር ይጫኑ። ካላዩ አይጫኑ። ፈተና አይደለም።»

ጀመረ። ከላይ አንዲት ብርሃን፤ ተጫንኩ። ከግራ፤ ተጫንኩ። መሃል አጠገብ፤ ተጫንኩ። ከዚያ ዝም። ጠበቅኩ። ነጥቧን ላለመልቀቅ ዓይኔ እስኪያነባ አፈጠጥኩ። ምንም የለም። እንደገና አንዲት፣ ከላይ። ከዚያ ደግሞ ረጅም ዝምታ። ማሽኑ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ብርሃን ግን አይልክም። እንዲህ ያለ ማሽን ለሆስፒታል የሚሸጥ ማን ነው ብዬ አሰብኩ።

«ቆሟል መሰለኝ» አልኩት።

«አልቆመም ጋሼ። መሃሉን ይዩ።»

ዓይኔን ቀየረና ደገምን። እንደዚያው ነው። ሲጨርስ መብራቱን አበራ።

«ቆሞ ነበር እኮ» አልኩት። «መሃል ላይ ብዙ ቆየ። እኔ ዝግጁ ነበርኩ፣ እሱ አልላከም።»

ወጣቱ ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

«አንድም ጊዜ አልቆመም» አለ። «ያ ዝምታ የመሰለዎት ሁሉ ብርሃን ነበር።»

ሐኪሟ ብዙ ነገር ነገረችኝ። ሕመሙ እይታን ከጎን ጀምሮ እያጠበበ የሚሄድ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። የሄደው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ፣ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ፣ ማቆየት ይቻላል። አባቴ ዘግይተው መምጣታቸውን፣ እኔ ግን ብዙ እንዳልዘገየሁ ነገረችኝ። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለች። መኪና እንዳልነዳ አስጠነቀቀችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሞካሪዋን አሰብኳት፤ ቁልፉን እየተጫነች፣ እየተጫነች፣ እኔ «ለምን አትልኪያትም» ስላት። ሠዓሊውንም አሰብኩት።

ስወጣ አባባ ከእርምጃዬ አወቁኝና ተነሱ። ምን አለች አላሉኝም። ክንዴን ያዙና ጆሮዬ አጠገብ ሆነው «ፈራህ?» አሉኝ።

አይ ልል አፌን ከፈትኩ። «ፈራሁ» አልኩ። «በጣም ፈራሁ አባባ።»

«እኔ ይህችን ቃል ለማውጣት አምስት ዓመት ፈጀብኝ» አሉ። «አንተ ከክሊኒኩ በር ሳትወጣ ተናገርካት።»